የዕፅዋት ዝፍዝፍ በመጠጥ፣ በዘይትና በመድኃኒትነት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ስለ ዕፅዋት ሻይና ቅጠል ተዘፍዝፎበት ስለሚዘጋጅ ዘይት የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ በመሆናቸው በዚህ እትም ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጹ ነገሮችን አውጥተን አቅርበናቸዋል። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ማስቀደም እንወዳለን። አንድ ቅጠል በውስጡ የያዛቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት ፈሳሽ አይወጡም፤ ውሃ የሚያወጣው አለ፣ ዘይት የሚያወጣው አለ፣ አልኮል የሚያወጣውም አለ። ስለዚህ አንድ ዕፅ በሻይ መልክ የሚሰጠውን ጥቅም በዘይት መልክ ላይሰጥ ይችላል፤ በሻይ መልክ የማይጎዳውም በሌላ መልክ ሊጎዳ ይችላል። ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልሳቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ዝንጅብል፣ ቀረፋና የናና ቅጠል አንድ ላይ ድስት ውስጥ ጨምሬ ለግማሽ ሰዓት ያህል አፈላለሁ። የዝንጅብሉና የቀረፋው ጣዕም በደንብ ይወጣል፤ ናናው ግን ምሬት እንጂ መዓዛ የለውም። ቅጠሉን ባበዛም ለውጥ አላየሁም። ያጠፋሁት ምን ይሆን?

መልስ፦ የመረጧቸው ነገሮች ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ ሦስቱም እኩል ጊዜ እሳት ላይ መቆየታቸው ነው። ቅጠልና አበባ ስስ ስለሆኑ ፈልቶ የወረደ ውሃ ሲፈስባቸው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያላቸውን ይሰጣሉ፤ ሥር፣ ቅርፊትና ጠንካራ ፍሬ ግን ውሃው ወደ ውስጣቸው እስኪዘልቅ ድረስ በዝግታ መንተክተክ አለባቸው። የናና መዓዛ የሚመጣው እንደ ሜንቶል ካሉ በቀላሉ ከሚተንኑ ዘይቶች ስለሆነ ለግማሽ ሰዓት ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቤቱ በናና ሽታ ይሞላል፤ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ግን በአብዛኛው ታኒን የሚባለው፣ ምላስን የሚያደርቀውና የሚመርረው ነገር ነው። ቅጠሉን ሲያበዙ የጨመሩትም ምሬቱን ነው።

ዝንጅብሉን በስሱ ከትፈው፣ ቀረፋውን ሰባብረው በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዷቸው። ውሃው መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰውና ድስቱን ከድነው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እንዲንተከተክ ይተዉት። ከዚያ አውርደው ናናውን ይጨምሩና ወዲያውኑ ይክደኑት፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑን ሲያነሡ በውስጥ በኩል የተንጠለጠሉትን ጠብታዎች ያሽትቷቸው፤ ከሻዩ ይልቅ ናና ናና የሚሸቱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ክዳኑን ወደ ጎን ከማስቀመጥዎ በፊት ጠብታዎቹን ወደ ድስቱ መልሰው ያራግፏቸው። ለአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ለ200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ 2 ግራም ገደማ የደረቀ ቅጠል በቂ ነው፤ ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ክብደቱ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያድርጉት። ድስቱ የአሉሚኒየም ባይሆን ይመረጣል፤ በተለይ እንደ ከርከዴ ያለ ጎምዛዛ ነገር ሲዘፈዘፍ ብረቱ ወደ መጠጡ ሊገባ ይችላል። ብርጭቆ፣ ሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት የተሻለ ነው።

ለቀዝቃዛ መጠጥ ከሆነ ማፍላቱን ትተው ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያሳድሩት። ታኒን በቀዝቃዛ ውሃ በዝግታ ስለሚወጣ መጠጡ ምሬቱ ቀንሶ ለስለስ ይላል፤ እኛ ናናንና ከርከዴን የምንመርጠው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉ ላይ ያለውን ተሕዋስ አይገድልምና ቅጠሉ በሚገባ መታጠብ አለበት፤ መጠጡም ከማቀዝቀዣ ሳይወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያልቅ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ የደም ማነስ ስላለብኝ ጥቁር ሻይና ቡና ከምግብ ጋር እንዳልጠጣ ሐኪሜ ነግሮኛል። በምትካቸው የናናና የካሞሚል ሻይ ከምሳ ጋር እየጠጣሁ ነው። ትክክል አደረግሁ?

መልስ፦ መጠጡን መቀየርዎ ብቻውን አልፈታውም፤ መቀየር የነበረበት ሰዓቱ ነው። ብረት ወደ ደም እንዳይገባ የሚይዙት ፖሊፌኖል የሚባሉ ውህዶች ሲሆኑ፣ እነዚህ በጥቁር ሻይ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቅጠሎች ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ዳቦ ሲበሉ የተለያዩ መጠጦችን አብረው እንዲጠጡ አድርጎ ነበር፤ የናና ሻይ የብረቱን መመጠጥ በ84 በመቶ፣ የካሞሚል ሻይ ደግሞ በ47 በመቶ ቀንሰውታል። የናናው ቁጥር ከጥቁር ሻይ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የሚወዱትን ሻይ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቀው ይጠጡት፤ የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነም እንዲሁ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ከግቢዬ የቀነጠስኩትን የሮዝመሪ ቅርንጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ የወይራ ዘይት ሞላሁበት። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ከማእድ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ሽታው ግሩም ነው። በቅርቡ ግን ትናንሽ አረፋዎች አየሁበት። ለእንግዶች ላቀርበው አስቤ ነበርና ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እባክዎ አይቅመሱት፣ ለማንም አያቅርቡት። ሌላ ሰው ወይም እንስሳ በማያገኘው መንገድ አሽገው ይጣሉት፤ የነኩትን እጅዎንና ያረፈበትን ቦታም በደንብ ይታጠቡ። እንዲህ አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን።

ነጭ ሽንኩርት አፈር ውስጥ የሚያድግ በመሆኑ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ስፖሮች ሊኖሩበት ይችላሉ። እነዚህ ስፖሮች አየር ባለበት ቦታ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ አየር በሌለበት፣ አሲድ በሌለበትና ሞቅ ባለ ቦታ እርጥበት ሲያገኙ ግን ነቅተው ይራባሉ፣ መርዝም ያመነጫሉ። ዘይት የሚያደርገው ሽንኩርቱን ከአየር መጋረድ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከሽንኩርቱና ከእርጥቡ ቅርንጫፍ ይመጣል፤ መደርደሪያው ሙቀቱን ይሰጣል። መርዙ ጣዕምም ሽታም ላይኖረው ስለሚችል «ሽታው ግሩም ነው» ማለት ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አረፋ ባይታይ ኖሮም ምክራችን አይለወጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ የተቀመጠ በዘይት የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት የበሉ 36 ሰዎች ይህ መርዝ በሚያመጣው ቦቱሊዝም በተባለ ሕመም ታመዋል፤ ሕመሙ እምብዛም የማያጋጥም በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ሌላ በሽታ የመሰላቸው ሐኪሞች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1989 ከደረሰ በኋላ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ለገበያ የሚቀርብ እንዲህ ያለ ዘይት አሲድ እንዲገባበት አስገድዷል።

ዘይቱን ባፈላውስ የሚል ጥያቄ ሊመጣብዎ ይችላል። ስፖሮቹ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሚፈላ ውሃ አይሞቱም፤ እነሱን ለማጥፋት በግፊት የሚገኝ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው አማራጭ ሌላ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም እርጥብ ቅጠል የገባበትን ዘይት በሚፈልጉት መጠን ብቻ ያዘጋጁ፣ ወዲያው 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፣ በ4 ቀን ውስጥም ይጨርሱት። የሚተርፍ ከሆነ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለው ያበርዱት፤ በረዶ ሆኖ ለወራት ይቆያል። ይህን ዘይት ቀድሞ ቀምሶ የነበረ ሰው ካለ፣ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው መታየት፣ የዐይን ቆብ መውደቅ፣ የመናገርና የመዋጥ ችግር ወይም የጡንቻ መድከም ከታየበት ሰዓት ሳይባክን ሆስፒታል ይሂድ፤ በቶሎ ከተሰጠ የመርዙን ሥራ የሚያቆም መድኃኒት አለ።

ቅመማ ቅጠሎችን በዘይት ለማስቀመጥ ከፈለጉ ግን ደርቀው ይግቡ። ቅጠሉ በጣት ሲጨብጡት ካልታጠፈና ኮሽ ብሎ ከተሰባበረ ደርቋል፤ ግንዱ ሲታጠፍ ካልተሰበረ ገና ነው። ጠርሙሱም ከታጠበ በኋላ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ በክዳኑ ውስጥ ጤዛ ካዩ እርጥበት ገብቷል ማለት ነውና ያንን ዘይት ለምግብ አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ለደረቀ ቆዳ የሚሆን የካሌንዱላ ዘይት ራሴ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው የአበባ ዘይት በጣም ውድ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት ማወቅም ከገንዘብ በላይ ይጠቅምዎታል። እርስዎ ሊያዘጋጁ ያሰቡት አበባ የተዘፈዘፈበት የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከአበባው በስብ የሚሟሟውን ቀለም፣ ሙጫና ጥቂት መዓዛ ይወስዳል፤ ስኳሩን፣ ታኒኑንና ልጋጉን ግን ትቶ ያልፋል። በትናንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ተናኝ ዘይት ደግሞ ብዙ ቅጠል ወይም አበባ በእንፋሎት ተጣርቶ የሚገኝ ጥቂትና እጅግ የተጠናከረ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እንዳለ ቆዳ ላይ መቀባት ይቻላል። ሁለተኛው ሳይቀጥን ቆዳን ያቃጥላል፤ 30 ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ገደማ ቢገባ 2 በመቶ ይሆናል፣ ለአዋቂ ሰው ቆዳም ይህ በቂ ነው።

የተናኝ ዘይት ጠብታ በሻይ እየጨመሩ የሚጠጡ ሦስት አንባቢያን ጽፈውልናል። እንዲተዉት አጥብቀን እንለምናቸዋለን። ዘይቱ ውሃ ላይ ተንሳፎ ሳይቀጥን ስለሚቀር አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ በጥቂት ሚሊ ሊትር መጠን ብቻ ትንንሽ ልጆችን እስከ መንቀጥቀጥና ራስን እስከ መሳት አድርሷል። ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ሜንቶል ያለበትን ዘይትም በሕፃን አፍንጫ አካባቢ አይቀቡ፤ ትንፋሹን ሊያቋርጠው ይችላል።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ የደረቀውን አበባ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ እስከ ግማሽ አድርገው ዘይቱን ሁለት ጣት ከፍ ብሎ እስኪሸፍነው ይሙሉበት። ማሰሮውን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሳያልፍ ለሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይተዉት፤ ወይም ያለ እሳት ለአራት ሳምንት ያህል ሞቅ ባለ ቦታ እያስቀመጡ በየቀኑ ያወዛውዙት። ከዚያ በሻሽ አጥልለው፣ አበባውን ጨምቀው፣ ጠቆር ባለ ጠርሙስ ከብርሃን ርቆ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ሽታው ወደ ቀለም ወይም ወደ አሮጌ ለውዝ ሲያደላ ተበላሽቷልና ይጣሉት። መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ በተለይ የአበባ ብናኝ የሚያስነጥስዎ ከሆነ፣ ካሌንዱላም ካሞሚልም ከአደይ ቤተሰብ ስለሆኑ ቆዳዎ ሊቆጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባታችን ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን፣ እናታችን ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። አንድ ወዳጃቸው ስሜትን ያረጋጋል ተብሎ የሚሸጥ የዕፅዋት ቅልቅል አምጥቶላቸው ማታ ማታ አፍልተው ይጠጣሉ። «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ይሉናል። ለወባም የአርቴሚዥያ ቅጠል ሻይ እንደሚበቃ ነግሮናል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቅልቅሉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ሳይታወቅ መጠጣቱን እንዲያቆሙ፣ ዕቃውንም ይዘው ሐኪማቸውን ወይም ፋርማሲስታቸውን እንዲያማክሩ በአክብሮት ይንገሯቸው። ወላጆችን በእንዲህ ያለ ነገር መከራከር ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሚታለፍ አይደለም። ስሜትን ያረጋጋሉ በሚባሉ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ቢጫ አበባ ያለው ዕፅ ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርገዋል። በዚህም ዋርፋሪን ሊደክምና ደም ሊረጋ ይችላል፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ሳይሠራ ሊቀር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ኢንዲናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚኖረው መጠን በዚህ ዕፅ ምክንያት ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ለድብርት ከሚሰጡ መድኃኒቶች ጋርም አብሮ መወሰድ የለበትም። ለእናታችሁ የሚያሰጋው ደግሞ ጣፋጭ ጣዕም ለመስጠት የሚጨመረው ሊኮሪስ የተባለ ሥር ነው፤ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየም እንዲያጣ ስለሚያደርግ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ተፈጥሮ ነው የሚለው ነገር ዕፁ ይሠራል ለማለት እንጂ አይጎዳም ለማለት ማስረጃ አይሆንም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ዕፅዋት ከተቀላቀሉበት አንድ የቤተሰብ መድኃኒት ውስጥ እብጠትን የሚያጠፋው ዲጂታሊስ የተባለው ቅጠል መሆኑን እንዴት እንደለየ ጽፏል። ቅጠሉን በዱቄትና በዝፍዝፍ መልክ እየሰጠ መጠኑን በጥንቃቄ መዘገበ፤ ምክንያቱም የሚያድነውና የሚገድለው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። ዛሬ ከዚሁ ዕፅ የሚገኘው መድኃኒት የሚሰጠው በማይክሮግራም ተለክቶ ነው። አንድ ቅጠል ዘንድሮ ያለው ጥንካሬ ካምና ይለያል፤ ማለዳ የተቀጠፈው ከቀትሩ ይለያል፤ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውን መጠን በዐይን መለካት አይቻልም።

የወባው ጉዳይ ደግሞ ስለ ዝፍዝፍ ለሚያስብ ሰው እጅግ አስተማሪ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ የቆዩ የሕክምና ጽሑፎችን ስታገላብጥ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ ስለ አርቴሚዥያ የጻፈውን አነበበች፤ እሱ አንድ እፍኝ ቅጠል ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ መጠጣትን እንጂ ማፍላትን አይናገርም። ሙቀቱ ፍቱኑን ነገር ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተንን ኤተር ለማውጣት ሞከረች፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተገኘው ውጤት አርቴሚሲኒን ወደተባለው ወባን የሚያጠፋ ፍቱን ነገር አደረሰ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። አርቴሚሲኒን በውሃ በደንብ አይሟሟም። ሻዩ ውስጥ የሚገባው መጠን ከቅጠል ቅጠል፣ ከአፈላል አፈላል የሚለያይና ብዙ ጊዜም የማይበቃ በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን ዕፅ ሻይ ለወባ መከላከያም ሆነ ሕክምና አይደግፍም። ያልበቃ መጠን ሕመምተኛውን ለአደጋ ከማጋለጡ በላይ ተሕዋሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ትኩሳት የያዘው ሰው ተመርምሮ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መዋጥ አለበት።

ይህን ሁሉ ስንል የዕፅዋት ሻይ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ፣ ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል፤ ለዚህም ነው የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከርከዴን በየቀኑ ከመጠጣቱ በፊት ለሐኪሙ መናገር ያለበት። ናና የሆድ ቁርጠትን ያላላል፤ ነገር ግን የጨጓራን አፍ ጡንቻም ስለሚያላላ ቃር ያለበትን ሰው ያባብስበታል። እርጉዝ የሆነች ሴት ደግሞ እንደ ጤና አዳም ያሉ ማሕፀንን የሚቀሰቅሱ ዕፅዋትን በሻይ መልክ መጠጣት የለባትም።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ልጄ ሆዱን እየነፋው ማታ ማታ ያለቅሳል። የኮከብ አኒስ ሻይ በማር ላጠጣው?

መልስ፦ አታጠጪው፤ ሁለቱንም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውሃም ጭምር እንዳይሰጠው ይመክራል። የሚበላው የቻይና ኮከብ አኒስ ከመርዛማው የጃፓን ዝርያ ጋር ሲደርቅ በዐይን አይለይም፤ ሁለቱ በመቀላቀላቸው ሕፃናት መንቀጥቀጥ ደርሶባቸዋል። ማር ደግሞ ከላይ የገለጽነውን የቦቱሊዝም ስፖር ሊይዝ ስለሚችል አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ልጅሽን ከጠባ በኋላ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ አስገሺው። ትኩሳት ካለው፣ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው ወይም መጥባት እምቢ ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ቅጠል በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚዘጋጀውን ቲንክቸር መሞከር ፈልጌ ነበር፤ ግን አልኮል አልወስድም። በኮምጣጤ ወይም በግሊሰሪን ቢሆን ያው ነው?

መልስ፦ ያው አይሆንም፣ ግን ይቻላል። 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ያለው ፈሳሽ ሙጫዎችንና አልካሎይድ የሚባሉትን ጠንካራ የዕፅዋት ውህዶች ከውሃ በተሻለ ያወጣል፤ ለዓመታትም ያቆያል። ግሊሰሪን ጣፋጭና ለጉሮሮ የሚስማማ ነው፤ ሙጫ ያለባቸውን ነገሮች ግን ብዙም አይስብም። ኮምጣጤ፣ 5 በመቶ አሲድ ያለው ከሆነ፣ ለሰላጣ የሚሆን ጦስኝ ወይም ሮዝመሪ ለመዘፍዘፍ ጥሩ ነው፤ አሲዱም ቀደም ሲል የተናገርነውን ባክቴሪያ ያግደዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ዘፍዝፈው ያጥልሉት። ኮምጣጤ ብረት ስለሚበላ በማሰሮውና በብረት ክዳኑ መካከል ወፍራም ወረቀት ያድርጉ፤ በማሰሮውም ላይ የዕፁን ስም፣ የተጠቀሙበት ቅጠሉን ይሁን ሥሩን፣ ፈሳሹ ምን እንደሆነና የተዘፈዘፈበትን ቀን ጽፈው ይለጥፉ።